የ9 ሺህ ብሩን እንክብል አይግዙ፦ ስለ እርጅና ለጠየቁ አንባቢ

ጥያቄ፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ 63 ናት። አብረው ሲሄዱ ግን ሰው ሁሉ አክስቴን ነው ታላቅ የሚያደርጋት። ፊቷ ተሸብሽቧል፤ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ ቢሮ ነው የሠራችው። አክስቴ ደግሞ አትክልት ተራ ከፒያሳ እስኪነሣ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣለች። ካዛንቺስ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ‹እርጅና የሚመጣው ቴሎሜር ሲያጥር ነው› ብላ ቴሎሜር የሚያስረዝም እንክብል አሳየችኝ። የወሩ 9 ሺህ ብር ነው። ለሁለቱም ልግዛላቸው? እናቴን ያቆያት ጾሟ ነው የሚሉም አሉ። ጾም ሴል እንደሚያድስ ያረጋገጠ ጃፓናዊ ኖቤል ተሸልሟል የሚል ቪዲዮም አይቻለሁ። ወይስ ነገሩ የዘር ነው? እኔ ራሴ 39 ዓመቴ ነው፤ ሽበት ጀምሮኛል። ከአራት ኪሎ።»

ምላሽ፦ አይግዙ። ለእናትዎም፣ ለአክስትዎም። ምክንያቱን ግን ከሥሩ ልንገርዎ። ካላወቁት በሚቀጥለው ወር ሌላ እንክብል ሌላ ስም ይዞ ይመጣል።

ቴሎሜር የሚባለው ነገር እውነት ነው። ነጠላ ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተራል አይደል? በሴሎቻችን ውስጥ ያሉት ክሮሞዞሞችም ጫፋቸው የተቋጨ ነው። ያ የተቋጨ ጫፍ ነው ቴሎሜር። ሴል ሲከፋፈል ዲኤንኤው ይገለበጣል። በተገለበጠ ቁጥር ጫፉ በትንሹ ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሴሉ መከፋፈል ያቆማል። በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የሰውን ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድገው ከ40 እስከ 60 ጊዜ ገደማ ተከፋፍሎ እንደሚቆም አሳዩ። ከዚያ በፊት ሴል ከአካል ወጥቶ ለብቻው ቢያድግ ለዘላለም ይኖራል ተብሎ ይታመን ነበር። ጫፉ እንዴት እንደሚጠበቅና ቴሎሜሬዝ የሚባለው ኢንዛይም እንዴት መልሶ እንደሚያስረዝመው የደረሱበት ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 ኖቤል ተሸለሙ። ባልደረባዎ የነገረችዎ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው «ስለዚህ እርጅና ማለት የቴሎሜር ማጠር ነው» ሲባል ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚረቡ አይጦችን እንይ። ቴሎሜራቸው ከሰው ቴሎሜር በብዙ ይረዝማል። የሚኖሩት ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ርዝመቱ ብቻውን ዕድሜን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ደግሞ የልብ ጡንቻና የአንጎል ሴሎቻችን ካደግን በኋላ አይከፋፈሉም ማለት ይቻላል። በመከፋፈል የሚመጣው ማጠር ብዙም አያገኛቸውም። ያረጃሉ ግን። በእርጅና ዘመን ሰውን በብዛት የሚጥሉትም የልብና የአንጎል ችግሮች ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው። ካንሰር ማለት መከፋፈል አላቆም ያለ ሴል ነው። ላለማቆም ደግሞ ቴሎሜሩን ማደስ አለበት። ከ100 ካንሰሮች ከ85 እስከ 90 በሚሆኑት ውስጥ ቴሎሜሬዝ ነቅቶ ይገኛል። በተፈጥሮ ከሌላው ሰው የረዘመ ቴሎሜር ይዘው የሚወለዱ ሰዎች ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች የበለጠ ይጋለጣሉ። በተቃራኒው በጣም አጭር ቴሎሜር ይዘው የሚወለዱ አሉ፤ መቅኒያቸውና ሳንባቸው ይታመማል። ማጠሩም መርዘሙም ዋጋ አለው። ሰውነታችን በሁለቱ መካከል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቴሎሜርን በእርግጥ የሚያስረዝም እንክብል በእጄ ቢገባ እንኳ ለ67 ዓመት ሴት ለመስጠት እፈራለሁ።

የሚሸጡት እንክብሎች ግን ብዙውን ጊዜ ቫይታሚንና የዕፅዋት ውጤት ናቸው። የሰውን ዕድሜ እንዳረዘመ በሰው ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ አንድም የለም። «ቫይታሚን ከሆነ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። በ1956 ዴንሃም ሃርማን የሚባል ሳይንቲስት እርጅና የሚመጣው ከኦክስጅን በሚፈጠሩ ጎጂ ቅንጣቶች ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብዙ ሰው አሳመነ። አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ንግድም ከዚያ ተነሣ። ከዚያ ፊንላንድ ውስጥ ወደ 29 ሺህ በሚጠጉ አጫሾች ላይ ተሞከረ። ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው ሰዎች የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረባቸው። ውጤቱ የወጣው በ1994 ነው። ካሮት መብላት ጥሩ ነው። በካሮት ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ለይቶ በብዛት መዋጥ ግን ሌላ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ታካሚ ነበሩኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው በወር ከጥቂት መቶ ብር አይበልጥም ነበር። እንዲህ ያለ ውድ እንክብል ከዘመድ መጣላቸው። «ይኸኛው ሥሩን ነው የሚያክመው» ተባሉ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ስለከበዳቸው የግፊቱን ተዉት። ከወራት በኋላ ያየኋቸው ቀኝ እጃቸው ዝሎ፣ አፋቸው ተጣሞ ነው። እንክብሉ በራሱ መርዝ ላይሆን ይችላል። ቦታ ይይዛል ግን። የገንዘብም፣ የተስፋም፣ የእውነተኛ መድኃኒትም ቦታ።

ታዲያ የሚያረጀው ምንድን ነው? የድሮዎቹን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ያስታውሷቸው። ከእኔ ተማሪነት ጀምሮ አራት ኪሎና ፒያሳ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። የቆዩት ብረታቸው ከሌላ መኪና ብረት በልጦ አይደለም። ዕቃ ከሶማሌ ተራ እየመጣላቸው፣ የተበላሸው እየወጣ አዲሱ እየገባላቸው ነው። ሰውነትም እንዲሁ ያድሳል። የአንጀት ሽፋን በጥቂት ቀናት ይለወጣል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይተካል። ሁሉም ዕቃ ግን አይለወጥም። ከልባችን የጡንቻ ሴሎች በዓመት የሚታደሱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የዓይናችን ሌንስ መሐሉ ላይ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ማህፀን ውስጥ ሳለን የተሠራው ራሱ ነው። 67 ዓመት ሙሉ ብርሃን ያሳለፈ ፕሮቲን ቢደፈርስ አይገርምም። የዓይን ሞራ የምንለው ይኸው ነው።

የሚታደሰውም ክፍል ቢሆን ያረጃል። ምክንያቱም አዲስ ሴል የሚያመርቱት ግንድ ሴሎች ራሳቸው ያረጃሉ። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርስበታል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጠገናል። ያልተጠገነው ይጠራቀማል። ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ይደክማሉ። ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖች ሳይጸዱ ይከማቻሉ። የትኛው ጂን መቼ ይሥራ፣ መቼ ይተኛ የሚለው ምልክት ይደበዝዛል።

አንዱን ለይቼ ላብራራልዎ፤ በእኔ ግምት ከቴሎሜር የበለጠ ሊታወቅ ይገባዋል። ጉዳት የበዛበት ሴል ሁልጊዜ አይሞትም። መከፋፈል አቁሞ እዚያው ይቀመጣል። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ችግር አልነበረም። ግን የሚያስቆጣ ኬሚካል ያመነጫል፤ ጤነኛ ጎረቤቶቹንም ያውካል። በወጣትነት የበሽታ መከላከያችን እየለቀመ ያጠፋቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ መከላከያው ራሱ ይደክማል፤ እነሱም ይበዛሉ። ያኔ ሰውነት ውስጥ ትኩሳት የሌለው፣ ሕመም የሌለው፣ የማይጠፋ ዝቅተኛ ብግነት ይነግሣል። የደም ሥር መደደር፣ የመገጣጠሚያ መበላት፣ የጡንቻ መሳሳት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ2011 እነዚህን ሴሎች አይጦች ውስጥ ለይተው ሲያጠፉ የእርጅና ምልክቶች ዘገዩ። በሰው ላይ ሙከራው ቀጥሏል። ለገበያ የደረሰ መድኃኒት ግን የለም።

በ2013 አምስት ተመራማሪዎች የእርጅናን መገለጫዎች ሰብስበው 9 አሏቸው። በ2023 እነዚያው ሰዎች 12 አደረሷቸው። የቴሎሜር ማጠር ከ12ቱ አንዱ ነው። አንዱን ገመድ አጥብቆ 11ዱን መተው ድንኳን አያቆምም።

«ሰውነት መጠገን ከቻለ ለምን እስከ መጨረሻው አይጠግንም?» ማለትዎ አይቀርም። መልሱ እንሰት ውስጥ አለ። እንሰት ለዓመታት ቅጠል እያወጣ፣ ግንዱን እያደለበ ይኖራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። ለዚህ ነው ገበሬው ሳያብብ የሚቆርጠው። ከሥሩ የሚወጣው ችግኝ ግን ተተክሎ ይቀጥላል። በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ የሚበቅለው ጅብራም እንዲሁ ነው፤ ለዓመታት ቆይቶ አንዴ አብቦ ይደርቃል። ተፈጥሮ የምትጠብቀው የሚተላለፈውን ዘር ነው። ዘሩን የተሸከመው አካል ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ይጠገናል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር በ1952 ያቀረበው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ከአራት ኪሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የድንቅነሽን አጥንት ቅጂ አይተው ይሆናል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ጥርሶቿ ስትሞት ገና ወጣት እንደነበረች ይናገራሉ። የዚያን ዘመን ፍጡር በአብዛኛው በአውሬ፣ በረሃብ፣ በበሽታ ወይም በመውደቅ ነበር የሚሞተው። 70 ዓመት የሚደርስ ከሌለ በ70 ዓመት ጉዳት የሚያመጣን ጂን የሚያጣራ ወንፊት የለም። በወጣትነት የሚጠቅም ጂን በእርጅና ቢጎዳም ይተላለፋል። እርጅና የተጻፈ ፕሮግራም ሳይሆን ጥገናው ችላ የተባለበት ዘመን ነው።

ችላ የማይባልበት ሁኔታም አለ። የሚገርመውም ምሳሌ በራሳችን አገር ቆላ ውስጥ ይኖራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች የሚኖር ፀጉር የለሽ ፍልፈል ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው፣ በ1842። መጠኑ ከአይጥ ብዙም አይበልጥም። ዕድሜው ግን ከ30 ዓመት ያልፋል። ካንሰር ብዙም አያገኘውም። የሰው የመሞት ዕድል ከ30 ዓመት በኋላ በየስምንት ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ይጨምራል። በ2018 የወጣ ጥናት ግን ይህ ፍልፈል ዕድሜው በገፋ ቁጥር የመሞት ዕድሉ እንደማይጨምር አሳየ። ከመሬት በታች ጠላት ጥቂት ነው። ረጅም መኖር ስለሚቻል መጠገንም አዋጭ ሆነ። ይህን እንስሳ አገራችን ውስጥ ይዘን ስለ እርጅና የምንሰማው ከውጭ በመጣ እንክብል ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የእርጅና ፍጥነት በአንድ ጂን እንኳ ሊለወጥ እንደሚችል የታወቀው በአንዲት ትል ነው። በ1993 ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ አንድ ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ውስጥ አንድ ጂን ሲዳከም ዕድሜዋ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳዩ። ጂኑ ከኢንሱሊንና ከዕድገት ምልክት ጋር የተያያዘ ነው። ምልክቱ ሲበዛ ሴል «ምግብ አለ፣ እደግ፣ ተባዛ» ይላል። ሲቀንስ «ጊዜው ከብዷል፣ ቆጥብ፣ ጠግን» ይላል። ትናንሽ ውሾች ከግዙፎቹ ውሾች ረዘም ላለ ጊዜ የሚኖሩትም በከፊል ከዚሁ የዕድገት ምልክት ጋር ተያይዞ ነው። ለዚህ ነው «ወጣት ያደርጋል» እየተባለ የሚሸጠውን የዕድገት ሆርሞን መርፌ አጥብቄ የምቃወመው። የዕድገት ሆርሞን የሌላቸው አይጦች ናቸው ረጅም የሚኖሩት። መርፌው ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ መገጣጠሚያ ያሳብጣል።

አሁን ወደ ጾሙ። ቪዲዮው የሚናገርለት ጃፓናዊ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ነው። በ2016 ኖቤል ተሸልሟል፤ እውነት ነው። የተሸለመው ግን ሴል አሮጌ ዕቃውን ሰብስቦ እንዴት እንደሚፈጭና መልሶ እንደሚጠቀምበት ስላሳየ ነው። ይህ ሂደት ኦቶፋጂ ይባላል። ሥራውን የሠራው በእርሾ ላይ ነው። እርሾው ምግብ ሲያጣ ሂደቱ ይፋፋማል። «ይህን ያህል ሰዓት ከጾምህ ትታደሳለህ» የሚል ነገር ግን ለሽልማት ያበቃው ሥራ ውስጥ የለም።

ምግብ መቀነስ ዕድሜ ያረዝማል ወይ ለሚለው የተለየ ማስረጃ አለ። በ1935 ክላይቭ ማኬይ አይጦችን ንጥረ ነገር ሳይጎድልባቸው ምግባቸውን ሲቀንስ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። በዝንጀሮ ዘመዶች ላይ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተካሄዱ። በአንዱ ዕድሜ ረዘመ፣ በሌላው አልረዘመም። ጤና ግን በሁለቱም ተሻሽሏል። በሰው ላይ ለሁለት ዓመት የተሠራ ሙከራ 25 በመቶ ለመቀነስ አቅዶ ሰዎቹ የቻሉት 12 በመቶ ገደማ ነበር። ያም ሆኖ ግፊታቸውና የደም ቅባታቸው ተሻሻለ።

የእኛ ጾም ግን ሌላ ነው። ሥጋና ወተት ይተዋል፤ መጠን መቀነሱ ከቤት ቤት ይለያያል። ዘይት የበዛበት ወጥ፣ እንጀራ ፍርፍር፣ ስኳር የበዛበት ሻይ የጾም ምግብ ናቸው። እናትዎ የሚጾሙት ለነፍሳቸው ነው፤ እዚያው ክብሩ ላይ ይቆይ። የወጣትነት መድኃኒት አድርገን ስንሸጠው ጾሙንም ሳይንሱንም እናሳንሳለን። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። በእርጅና ጡንቻ ይሳሳል፤ ለመጠገን ፕሮቲን ይፈልጋል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ አረጋዊ በኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝኑ ከሆነ ቢያንስ 60 ግራም ማለት ነው። በጾም ቀን ያንን ለማግኘት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሽሮው ወፈር ብሎ፣ ሱፍና ሰሊጥ በየገበታው መኖር አለባቸው። ጎመን ብቻ አይበቃም። ሁለተኛው፣ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን መዋል ራሱን ሊያስት ይችላል። ሐኪሙንም፣ የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም።

ወደ ሁለቱ እህትማማቾች እንመለስ። ዘር ድርሻ አለው። ከ1870 እስከ 1900 ዴንማርክ ውስጥ በተወለዱ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት በሰዎች ዕድሜ መካከል ካለው ልዩነት ሩብ ገደማውን ለዘር ሰጥቶታል። እናትዎና አክስትዎ ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ የጂናቸው ግማሽ ገደማ አንድ ነው። የቀረው ልዩነት ከየት መጣ? እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። አክስትዎ ሃያ ዓመት ከፀሐይ በታች ነው የሠሩት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። አየሩ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ ጨረሩ ግን ከብርዱ ጋር አይገናኝም። ይህ ጨረር ቆዳ ውስጥ ያለውን ኮላጅን የሚበሉ ኢንዛይሞችን ያነቃል። በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ አወጣ። 28 ዓመት ነድተዋል። በመስኮት በኩል ያለው ግራ ጉንጫቸው ከቀኙ በብዙ ዓመት ያረጀ ይመስል ነበር። ሰውየው አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ቴሎሜሩ አንድ። ጥቁር ቆዳ ከነጭ በተሻለ ይከላከላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የከሰል ጭስና ሲጋራም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

ስለዚህ ያዩት የአክስትዎን ፊት እንጂ የአክስትዎን ዕድሜ አይደለም። ፊት ከአካላችን ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ጆንያ ያነሡ፣ ቆመው የዋሉ ሴት እግራቸውና ልባቸው ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ከተቀመጡት እህታቸው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የትኛዋ ይበልጥ እንዳረጀች በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል። እባክዎ ደግሞ ለአክስትዎ ፊት የሚያቀላ ወይም «የሚያለሰልስ» ክሬም እንዳይገዙ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ። ሜርኩሪ ያለባቸው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ከሁሉም ክሬም ይበልጣል።

የእርስዎ ሽበት አጭር መልስ ነው ያለው። የፀጉርን ቀለም የሚሠሩ ሴሎች ክምችታቸው ሲያልቅ ፀጉር ነጭ ሆኖ ይወጣል። መቼ እንደሚጀምር በአብዛኛው የሚወስነው ዘር ነው። ልብዎ ወይም አንጎልዎ አረጀ ማለት አይደለም። ድካም ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ አብሮት ካለ ቫይታሚን ቢ12ና የታይሮይድ ሆርሞን ይመርመሩ። ከሌለ ይተዉት።

ስለ ራፓማይሲንና ሜትፎርሚን ደግሞ ዘንድሮ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ እርስዎም ነገ መስማትዎ አይቀርም። ራፓማይሲን በ2009 አይጦች አርጅተው ሳለ ተሰጥቷቸው ዕድሜያቸውን አራዝሟል። ሰው ላይ ግን ኩላሊት ለተቀየረላቸው የሚሰጥ፣ የበሽታ መከላከያን የሚጫን መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን ለስኳር በሽታ ግሩም ነው። ስኳር ለሌለበት ሰው ዕድሜ እንደሚያረዝም አልተረጋገጠም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 ይቀንሳል። ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ነው የሚገኘው፤ አብዝቶ ለሚጾም ሰው ጉድለቱ እጥፍ ነው። ሁለቱንም ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

የምመክርዎ ይህ ነው። እናትዎንና አክስትዎን በአንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ግፊታቸው በሁለቱም ክንድ ይለካ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ደጋግሞ ከታየ ሕክምና ይጀመር፤ ከተጀመረም እንዳይቋረጥ። እርጅናን በማፍጠን ከግፊት የሚስተካከል ጥቂት ነው። የደም ሥርን፣ ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን በአንድ ጊዜ ያስረጃል፤ ደግሞም ርካሽ በሆነ መድኃኒት ይቆማል። በባዶ ሆድ የደም ስኳር ይለካ፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይደገም። ዓይናቸው ይታይ። ሁለቱም ካረጡ ቆይተዋልና፣ ቀላል ውድቀት አጥንት ሰብሮባቸው ከሆነ ስለ አጥንት መሳሳት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይሞክሩ። እናትዎን ወንበር ላይ ያስቀምጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡ። ከ15 ሴኮንድ በላይ ከወሰደባቸው የእግር ጡንቻቸው ደክሟል። ይህ ሊመለስ ይችላል። በ1990 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ ደካማ አረጋውያንን ለ8 ሳምንት በክብደት አሠለጠነ። የእግራቸው ጥንካሬ ከእጥፍ በላይ አደገ። በ90 ዓመት! ይህን ያደረገ እንክብል እስከ ዛሬ አልተሠራም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሣት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ማንሣት። በሌሎቹ ቀናት እርምጃ፣ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ። የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው። ደህና ከሆኑ ግን አዲስ አበባ ራሷ መለኪያ አላት። ከዋናው ፖስታ ቤት በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለ ዕረፍት መውጣት ከቻሉ፣ ያ ከማንኛውም የቴሎሜር ምርመራ ይልቅ ስለ ዕድሜያቸው ብዙ ይነግረኛል።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሁለቱም የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይያዙ። የሐኪም መድኃኒቱን፣ የባህሉን፣ ክሬሙን። ባልደረባዎ ለናሙና የሰጠችዎ እንክብል ካለም እሱንም ይጨምሩበት፤ ሐኪሙ ከግፊት መድኃኒት ጋር ይጋጭ እንደሆነ መለያውን ያንብበው።